ዊንዶውስ ከታደሰ በኋላ ስክሪኑ ቢያብድ፦ ፎርማት ይደረግ ወይስ ድራይቨሩ ይፈተሽ?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አራት ኪሎ ባለች ትንሽ ስቱዲዮ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ወሩ ጥር ነው። ጥር ለእኛ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሚደውሉት ሙሽሮቹ ሳይሆኑ እናቶቻቸው ናቸው።

ላፕቶፔ ኢንቴል 8ኛ ትውልድ ነው፣ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1050 የሚባል የግራፊክስ ካርድም አለው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ ወደ 11 አሳደግኩት። ማሳደጉ በሰላም አለቀ። ሪስታርት አድርጎ ሲነሳ ግን የማላውቀው ስክሪን ነው የጠበቀኝ። 1024 በ768 ላይ ተቸክሏል። አይከኑ ሁሉ ወደ ጎን ተለጥጧል፣ ቀጫጭኖቹ ሚዜዎች ሳይቀሩ ጉንጫቸው ተነፍቷል። የብርሃን መቀነሻው የለም። ሁለተኛውን ሞኒተር ብሰካውም አያየውም። ቪዲዮ የማቀናብርበት ዳቪንቺ ሪዞልቭ ደግሞ የሚሠራበት ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፕ) አጣሁ ብሎ አልከፈትም አለ።

ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። ልጁ ክዳኑን ከፍቶ አየት አደረገና ፎርማት መደረግ እንዳለበት ወሰነ። የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማኔጀርን እንኳ አልከፈተም። ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ። እዚህ ከተማ ኮምፒውተር ቢያስነጥስ ፎርማት ነው፣ ቢዘገይ ፎርማት ነው፣ ድምፅ ቢጠፋም ፎርማት ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ከዕድሳት በኋላ የሚመጣ የስክሪን ችግር አብዛኛውን ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከግራፊክሱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ጣጣ ነው፤ ፎርማት ደግሞ መድኃኒቱ አይደለም። የምትቃወሙ ተቃወሙ። የምትረዱኝ ደግሞ፣ ከየት ልጀምር?

(ማስተካከያ፦ መልሱ ስለበዛ፣ አዲስ የሚመጣ ሰው እንዳይደክም በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ ከታች አስቀምጫለሁ። ስድቡን ቀንሻለሁ።)

መልስ 1፦ የመጀመሪያው ሰው ጨዋ ነው። ምንም ነገር ሳልነካ ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍቼ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ በሚለው ሥር ምን እንደተጻፈ ቃል በቃል እንዳመጣለት ጠየቀ። እስከዚያው ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢን አንድ ላይ እንድጫን ነገረኝ። ይህ የግራፊክስ ድራይቨሩን ያለ ሪስታርት እንደገና የሚያስነሳ አቋራጭ ነው። ስክሪኑ ለአፍታ ይጨልምና አጭር ድምፅ ይሰማል። ድራይቨሩ ኖሮ ከተንገዳገደ ይጠቅማል። ጭራሽ ከሌለ ግን የሚያስነሳው ነገር የለውም።

መልስ 2 የኔው ነው። አቋራጩ ድምፅ አሰማ እንጂ ምንም አልለወጠም። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ሥር ሁለት መስመር አገኘሁ። የላይኛው ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር ይላል፤ ኢንቴል የሚባል ስም የለም። የታችኛው ጂቲኤክስ 1050 ነው፣ አይከኑ ጥግ ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተለጥፎበታል፣ ውስጡ ቃለ አጋኖ አለ። ሁለቴ ስነካው ኮድ 43 አወጣ። ዕቃው ችግር እንዳለበት ስላሳወቀ ዊንዶውስ አስቁሞታል ማለት ነው። ወደ ቀድሞው ድራይቨር የሚመልሰው ሮል ባክ ድራይቨር የሚለው ቁልፍ ደብዝዟል፣ አይነካም።

መልስ 3፦ የፎርማት ወገን ነው። ግማሽ ቀን ከምፈላሰፍ ፋይሌን ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ ገልብጬ ፎርማት ባደርገው እስከ ማታ ሥራ እንደምጀምር መከረኝ። በክፋት አይደለም። እሱ እንደዚያ እያደረገ ነው የኖረው።

መልስ 4፦ ነገሩ የጋለው እዚህ ላይ ነው። ግራፊክስ ዲዛይነር የሆነች ልጅ ናት፣ ቁጥር 3ን አልማረችውም። በፎርማት የሚሄደው ዊንዶውሱ ብቻ አይደለም አለች፤ የግዕዝ ፎንቶቹ፣ ፕላጊኖቹ፣ ለዓመታት የተሠራ ቅንብር፣ የተከፈለባቸው ፕሮግራሞች ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። ያንን እንደገና የሚያወርደውን ፓኬጅ ማን እንደሚከፍል ጠየቀችው። ቁም ነገሩ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ከባዶ የተጫነ ዊንዶውስም የሚነሳው በዚያው በቤዚክ አዳፕተር ነው፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ደግሞ ያንኑ ድራይቨር ይጎትታል። ዞሮ ዞሮ እዚያው። በዚያ ላይ 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 ዕትም በማይክሮሶፍት አካውንት ከባዶ ሲጫን ብዙ ጊዜ ዲስኩን በራሱ ኢንክሪፕት ያደርጋል። ሰውዬው ሳያውቀው ዲስኩ ተቆልፎ፣ ቁልፉ የጥገና ቤቱ ልጅ በከፈተው አካውንት ውስጥ ይቀራል። ይህን ሳነብ ላፕቶፔን አቅፌ በመውጣቴ ደስ አለኝ።

መልስ 5፦ የፕሮግራም ሥራ የሚሠራ ሰው ይመስላል፤ ጸሐፊነቱ ደረቅ ቢሆንም ከሁሉም የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው። ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር ስኮርታ ጎማ እንደማለት ነው ብሎ ጀመረ፤ ጋራዥ ድረስ ያደርሳል እንጂ ናዝሬት አይኬድበትም። ብርሃን አይቀንስም፣ ሁለተኛ ሞኒተር አያውቅም፣ የቪዲዮ ሥራ አያፋጥንም። ቀጥሎ ኮድ 43ን አብራራ። እንደኔ ባለ ሁለት ግራፊክስ ላፕቶፕ ላይ ስክሪኑ የተያያዘው ከኢንቴሉ ጋር ነው። ኤንቪዲያው የሠራውን ምስል የሚያሳየው በኢንቴሉ በኩል ነው። ስለዚህ የኢንቴሉ ድራይቨር ሲጠፋ ኤንቪዲያውም ሊደናቀፍ ይችላል። ሰው ግን ቢጫው ምልክት ያለበት ኤንቪዲያው ላይ ስለሆነ ኤንቪዲያውን ደጋግሞ ሲጭን ይውላል።

ዊንዶውስ ድራይቨር ሲመርጥ አዲሱን ብቻ አያይም ሲልም ጨመረ። በመጀመሪያ ፊርማውን ያያል። ከዚያ ለዚያች ላፕቶፕ ሞዴል ምን ያህል በስም እንደተለየ ይመዝናል። ቀኑና ቁጥሩ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የላፕቶፑ አምራች ከዓመታት በፊት በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ያስገባው አሮጌ ድራይቨር፣ አንተ ትናንት ያወረድከውን አዲስ ሊያሸንፍ የሚችለው በዚህ ነው። ትናንት የጫንኩት ማታ ማን ቀየረብኝ የምትሉ ሁሉ ጥፋተኛው ይኸው።

መልስ 6 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ሆን ብሎ ስለገደለው የ10 ድራይቨሮችም አብረው እንደሞቱ በሙሉ ልብ ጻፈ። መልስ 7 ወዲያው አረመው። የቆመው ነፃው የጥገናና የደኅንነት ዕድሳት ነው እንጂ የተጫነ ድራይቨር በዚያ ቀን ሥራ አያቆምም። ኤንቪዲያ ራሱ አርቲኤክስ ለሚባሉት አዳዲስ ካርዶቹ በዊንዶውስ 10 ላይ ድራይቨር ማውጣቱን እስከ ፈረንጆቹ ጥቅምት 2026 እንደሚቀጥል አስታውቋል። ቁጥር 6 ምንም አልመለሰም። በኋላ ስለ ሌላ ነገር ሲጽፍ አይተነዋል።

መልስ 8፦ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ እንደሚቻል አስታወሰ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ የሚል አለ። ግን ከማሳደጉ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ዊንዶውስ አሮጌውን ፎልደር ራሱ ይደመስሰዋል። ቦታ ለማስለቀቅ ዲስክ ክሊንአፕ ያደረገ ሰውም ዕድሉን በገዛ እጁ ጥሎታል። ጥሩ መውጫ ነው፤ እኔ ግን ወደ 10 መመለስ አልፈለግኩም።

መልስ 9፦ በመሥሪያ ቤት ቴክኒሻንነት ኖረው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። አጻጻፋቸው የተስተካከለ ነው፣ ሰው አይሰድቡም። በኤክስፒ ጊዜ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከድራይቨር ሲዲው ጋር ይመጣ እንደነበር፣ ሲዲውን ያጣ ሰው በጥቂት ቀለምና በተነፋ ፊደል ሲሠራ ይከርም እንደነበር አጫወቱን። ቪስታ በፈረንጆቹ 2007 ሲመጣ የግራፊክስ ድራይቨር አሠራሩ ከሥሩ ተቀየረ፤ ለኤክስፒ የተሠራው ብዙው አልሆነም። ያኔ የለመዱትን ዛሬም አይተዉም፦ ማንኛውንም ትልቅ ዕድሳት ከማስጀመራቸው በፊት የነበሩትን ድራይቨሮች ፒኤንፒዩቲል በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ወደ አንድ ፎልደር አውጥተው ፍላሽ ላይ ያኖራሉ። ችግር ሲመጣ ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍተው ከዚያ ፎልደር እንዲፈልግ ያዙታል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። እኔን በተመለከተ ደግሞ፣ ልጄ ሆይ አይዞህ፣ ዕቃው ደኅና ነው የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጻፉልኝ። ከዚያ በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ ብል አልዋሸሁም።

መልስ 10፦ ካዛንቺስ ይሠራ የነበረ ሌላ የቪዲዮ ኤዲተር ነው። መንገዱን አንድ በአንድ አስቀመጠ፤ እኔም በኋላ የተከተልኩት ይህንን ነው፣ ከአንድ እርማት ጋር።

ማውረድ ይቅደም፣ ማጥፋት ይከተል። የኢንቴሉን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ፣ የኤንቪዲያውን የመጨረሻውን አዲስ ቁጥር ከኤንቪዲያ (እርማቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ መልስ 11ን እዩ)፣ ዲዲዩ የሚባለውን የድራይቨር ማጽጃ ፕሮግራም ደግሞ ከራሱ ቤት ማውረድና ሌላ ፓርቲሽን ላይ ማስቀመጥ። ከዚያ ዋይፋይን ማጥፋት፣ ገመድ ካለም መንቀል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኢንተርኔቱ ካልተቋረጠ ግን ድራይቨሩ በጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የራሱን መልሶ ይጭናል፣ አንተም አጸዳሁ ብለህ ያንኑ አሮጌ ላይ ትጭናለህ። ቀጥሎ ሺፍትን ተጭኖ ሪስታርት ማድረግ፣ በትራብልሹት በኩል ስታርትአፕ ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ 4ን በመጫን ሴፍ ሞድ፣ ዊንዶውስ በትንሹ ብቻ የሚነሳበት ውስጥ፣ መግባት። እዚያ ዲዲዩን ከፍቶ ኤንቪዲያውን ማጽዳት፣ ከዚያ ኢንቴሉን። ሲነሳ መጀመሪያ ኢንቴሉን መጫንና ሪስታርት ማድረግ፤ ቀጥሎ ኤንቪዲያውን፣ ከስተም የሚለውን መርጦ ክሊን ኢንስታሌሽን ላይ ምልክት አድርጎ። ኢንተርኔቱ የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉ ለምን ኢንቴል ይቅደም የሚለውን ከመልስ 5 ጋር አያይዛችሁ አንብቡት።

መልስ 11፦ ስለታም ነው። ቁጥር 10 የኤንቪዲያውን የመጨረሻውን አዲስ ቁጥር አውርድ ማለቱን አላለፈውም። ይህ ምክር ለጂቲኤክስ 1050 ገደል ነው ሲል ጻፈ። ኤንቪዲያ ማክስዌልና ፓስካል ለሚባሉት የቀድሞ የካርድ ትውልዶቹ መደበኛ ድራይቨር ማውጣቱን በፈረንጆቹ ጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ የሚቀራቸው እስከ ጥቅምት 2028 በየሩብ ዓመቱ የሚወጣ የደኅንነት ጥገና ብቻ ነው። 1050 ፓስካል ነው። እነዚህን ካርዶች የሚያውቀው የመጨረሻው የድራይቨር መስመር 580 ነው፤ ከ590 ጀምሮ አያውቃቸውም። ጌታው ሳያነቡ አይምከሩ ብሎ ነው የዘጋው። ቁጥር 10 ትንሽ ቆጣ ብሎ እሱ አርቲኤክስ ስለሚጠቀም እንዳላስተዋለ፣ እርማቱ ግን ትክክል እንደሆነ ጻፈ። ይመቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይገኝም።

ኢንቴሉም በዚሁ ነው። ከ6ኛ እስከ 10ኛ ትውልድ ያሉትን ግራፊክሶች ኢንቴል በፈረንጆቹ 2022 ለብቻቸው ወደ ቆየ መስመር አዛውሯቸዋል። ለአዲሶቹ የሚሆነውን ፋይል አውርዶ አልጫን አለኝ የሚል ሰው በየሳምንቱ እዚህ ቤት ይመጣል።

መልስ 12፦ አንዲት እህት ነይ ብለን ሳንጠራት ያዳነችን ናት። ሴፍ ሞድ ከመግባቴ ወይም ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን (ሲነሳ ፊርማ የሌለውን ፕሮግራም የሚከለክለውን) ከመንካቴ በፊት ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ መብራቱን እንዳረጋግጥ አስጠነቀቀች። በርቶ ከሆነ ላፕቶፑ ሲነሳ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ እሱን ከማይክሮሶፍት አካውንት ላይ አስቀድሞ ወረቀት ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። ሌላም አለች። ሴፍ ሞድ ውስጥ የተለመደው ፒን አልቀበልም ሊል ስለሚችል የአካውንቱን ሙሉ ፓስወርድ አስታውሱ። ፓስወርዱን ከረሳሁት ስንት ጊዜዬ!

መልስ 13 እስከ 16 ከመንገድ ወጥተዋል። 13 የኤንቪዲያው ፋይል አንድ ጊጋባይት ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው መሆኑን አይቶ በሞባይል ፓኬጅ ድራይቨር ማውረድ ገንዘብ ማቃጠል ነው አለ። 14 አራት ኪሎ ተቀምጬ ይህን ማማረሬ አስገረመው፦ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አፍንጫዬ ሥር ነው፣ ዋይፋይ አለው፣ ላፕቶፕ ይዞ መግባት ይቻላል። እውነቱን ነው። እዚያው ነው ያወረድኩት፣ አጠገቤ የነበሩት ተማሪዎች የተነፋውን ስክሪኔን እያዩ ሙድ ያዙብኝ እንጂ። 15 ደግሞ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የለመደው ጠጋኝ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ካለ ብሎ ጠየቀ። ስለ ድራይቨር አንድ ቃል የለውም። ግን ብዙ ሰው ልብ ምልክት አደረገለት፣ ሁለት ሦስት ሰዎችም ስለራሳቸው ጠጋኝ አወሩ። 16 ጂቲኤክስ ያለው ስላሽ ላፕቶፕ ይሸጣል ብሎ ገባ፤ አስተዳዳሪው አስወጣው።

መልስ 17፦ ይህን በደንብ ልንገራችሁ። ጥገና ቤት የሚሠራ ልጅ ነው፣ የኔው ሰው ግን አይደለም። ጽሑፌ እንዳስቀየመው አልደበቀም። ደንበኛ ላፕቶፑን አስቀምጦ ከአንድ ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ ይላል። የሚከፍለው ለተሠራለት ነገር እንጂ ለታሰበለት አይደለም። ድራይቨር ሲፈለግ ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል፣ ላይገኝም ይችላል፤ ፎርማት ግን መጨረሻው ይታወቃል፣ ዋጋውም ይታወቃል። ሳይሳካለት ሲቀር ደንበኛው ጊዜህን ልክፈልህ አይልም፣ ዕቃውን ነጥቆ ይሄዳል። በዚያ ላይ የሚመጣው ላፕቶፕ ግማሹ በክራክ የተጫነ፣ በቫይረስ የታጨቀ ነው።

መልስ 18 አልራራለትም። ፎርማቱን ካደረጋችሁ በኋላ መልሳችሁ የምትጭኑት ያንኑ ክራክ አይደለም ወይ ሲል ጀመረ። ከዚያ በፍላሽ ይዘውት ስለሚዞሩት የሁሉም ድራይቨር ጥቅል አነሳ፦ አንዱን ፋይል ስትነካው ስክሪን ድራይቨር ብቻ ሳይሆን ያልጠየቅከው ብራውዘርና ማስታወቂያ ይዞልህ ይገባል። ቃላቱ ከዚህ በላይ ከበድ ያሉ ነበሩ። 17ም መለሰ፣ 18ም ደገመ። አራት ያህል መልሶች በዚሁ ሄዱ፤ ቁጥራቸውን ዘልያለሁ።

በዚህ ጉዳይ ሁለቱንም እሰማለሁ። የልጁ ሂሳብ ልክ ነው፤ ለምርመራ የሚከፍል ደንበኛ ከሌለ የሚመረምር ጠጋኝ አይኖርም። እኔም ሄጄ ለምርመራ እከፍላለሁ አላልኩም። ግን ዲቫይስ ማኔጀርን ለመክፈት የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው። ያንን አንድ ደቂቃ ነው ያጣሁት።

ጋሼ በመልስ 23 ገብተው አበረዱት። ሁለቱም ልጆች ሙያውን እንደሚወዱ ከንግግራቸው ያስታውቃል፣ ስለዚህ ወደ ጉዳዩ እንመለስ አሏቸው። ተመለሱ።

መልስ 24 የኔ ውጤት ነው። ሁሉን እንደ ቁጥር 10፣ ኤንቪዲያውን እንደ ቁጥር 11 አደረግኩ። ሴፍ ሞዱ ውስጥ ጠቆር ያለው ስክሪን አራት ማዕዘኑ ላይ ሴፍ ሞድ የሚል ጽሑፍ ይዞ መጣ። ዲዲዩ ጨርሶ ላፕቶፑ ተነሳ። የኢንቴሉን ጫንኩ፤ መጫኛው መስመሩ ሊሞላ ሲል ስክሪኑ ጥፍት አለ። ልቤም አብሮ። ሲመለስ 1920 በ1080 ነው፣ ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሏል። ብርሃን መቀነሻው ተመልሷል። ሁለተኛው ሞኒተርም ሳልነካው በራሱ በራ። ኤንቪዲያው ከገባ በኋላ ቢጫው ምልክት ጠፋ፣ ሪዞልቭም ተከፈተ። ፎርማት የለ፣ የጠፋ ፎንት የለ።

ደስታዬ ኢንተርኔቱ እስኪመለስ ድረስ ነበር። ዋይፋዩን እንዳበራሁ ዊንዶውስ አፕዴት አሮጌውን የኢንቴል ድራይቨር ደግሞ ሊያወርድ ተሰለፈ። መልስ 5 ያስጠነቀቀው በትክክል ይኸው ነው።

መልስ 25 እና 26 እዚህ ላይ ደረሱልኝ። ፕሮ የሆነ ዊንዶውስ ያለው ሰው ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው የደንብ ማስተካከያ ውስጥ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ሥር፣ ድራይቨሮችን ከዕድሳቱ ጋር አታምጣ የሚለውን ማብራት ይችላል። ሆም ላይ ግሩፕ ፖሊሲ ስለሌለ ያው ሥራ በሬጅስትሪ ነው የሚሠራው። ለማይደፍር ሰው ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ የሚባለው አለ፣ ኖ ብሎ ማስቀመጥ ነው፤ 26 ግን ይኼኛው ሁልጊዜ እንደማያስተማምን ተናገረ። ዕድሳቱን ለጥቂት ሳምንት ፖዝ አድርጎ ሠርጉን ማስረከብም አንድ መላ ነው። እኔ ድራይቨሩንም ከለከልኩ፣ ዕድሳቱንም ፖዝ አደረግኩ።

ከዚያ ሊኑክሶቹ መጡ። መምጣታቸው አይቀርም። መልስ 27 አምስት ኪሎ የሚማር ልጅ ነው፤ ኡቡንቱ 24.04 የሚባለው ሊኑክሱ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) በራሱ ካደሰ በኋላ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞበት ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግረብ በሚባለው የማስነሻ ማውጫ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ገብቶ የቀድሞውን ከርነል መረጠ፣ ወዲያው ተነሳ። ምክንያቱን ሲፈልግ ለአዲሱ ከርነል ሄደር የተባለው ጥቅል አልተጫነም ነበር፤ እሱ ከሌለ የኤንቪዲያው ሞጁል ለአዲሱ ከርነል ሊገነባ አይችልም። ሄደሩን ጭኖ ድራይቨሩን ሲደግመው ሌላ ነገር ገጠመው። በሚነሳበት ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ ሞክ ስለሚባል ነገር ይጠይቃል፤ ቫይረስ መስሎት ኮንቲኒው ብሎ አለፈው። ድራይቨሩም አልሠራ አለ። ሴኪዩር ቡት በበራበት ኮምፒውተር ላይ ያ ሰማያዊ ስክሪን የሞጁሉን ፊርማ ለማጽደቅ ነው የሚመጣው። ኤንሮል ሞክን መርጦ፣ ሲጫን የሰጠውን ፓስወርድ ማስገባት ነበረበት። ብዙ ሰው እዚያች ላይ ነው ሴኪዩር ቡትን አጥፍቶ የሚገላገለው። ማጥፋት ያስኬዳል፤ ቁጥር 12ን ያነበበ ግን ሁለቴ ያስባል።

መልስ 28 በዚህ ተነስቶ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በፈረንጆቹ 2012 ፊንላንድ ውስጥ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ላይ ለኤንቪዲያ የመሃል ጣቱን ያሳየበትን አስታወሰ፣ ዛሬም ያው ናቸው ሲል። መልስ 29 ያው አይደሉም አለው። ኤንቪዲያ በፈረንጆቹ ግንቦት 2022 የከርነል ሞጁሉን ምንጭ ከፍቷል። ግን ከፓስካል በኋላ ለመጣው ለቱሪንግ ትውልድና ከዚያ በኋላ ለመጡት ካርዶች ነው የሚያገለግለው፤ ፓስካል ላለው ሰው ምንም አልጠቀመውም። ሁለቱ ረጅም ተጨቃጨቁ። ጭቅጭቁ ደስ ይላል፣ ለላፕቶፔ ግን አይረባም።

መልስ 30፦ መርካቶ ያገለገለ ዴስክቶፕ ካርድ የገዛ ልጅ ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ነው የተሸጠለት። በአሮጌው ድራይቨር የሚሠራ ይመስል ነበር፤ አዲስ ድራይቨር ሲጭን ግን ያው ኮድ 43። እኛ ሁላችን ዲዲዩ፣ ሴፍ ሞድ፣ ኢንተርኔት ንቀል እያልን ስንመክረው አንዱ ብልህ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም እንዲከፍት አዘዘው። ስሙ ፊት ፌክ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ፌርሚ የሚባለው አሮጌ ትውልድ ካርድ ባዮሱ (በካርዱ ውስጥ የተጻፈው ፕሮግራም) ተቀይሮ አዲስ ስም የተሰጠው ነው። ዲዲዩ ይህን አያክምም። ሻጩ ጋ ሄዶ ምን እንደገጠመው እስካሁን አልነገረንም፤ ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ግን ጂፒዩ-ዚን ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፣ ገንዘቡን ሳትቆጥሩ።

መልስ 31፦ የሱ ስክሪን ደኅና ነው፣ ግን ሬንደር ሲያደርግ ለአፍታ ጠፍቶ ይመለሳል፣ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ እንደተነሳ የሚነግር መልእክት ያወጣል። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ጂፒዩውን ጠብቆ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካጣ ድራይቨሩን ገፍቶ ያስነሳዋል። ድራይቨር ሊሆን ይችላል፣ ሙቀትም ሊሆን ይችላል፣ የደከመ ፓወር ሳፕላይም ሊሆን ይችላል። ቁጥር 17፣ ያ የጥገና ቤቱ ልጅ፣ ፋኑን አስጠርጎ ፔስቱን እንዲያስቀይር መከረው፤ በዚህ ቤት ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ በጨዋነት የተጻፈው ይኸኛው ነበር። 18ም ላይክ አድርጎለታል፣ አይቼዋለሁ።

መልስ 32 ኤኤምዲ ራደን ያለው ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ነው፤ የሱ ደግሞ ከዕድሳቱ በኋላ የኤኤምዲ ሶፍትዌሩ ከድራይቨሩ ጋር አልዛመድም ብሎ አልከፈት ይለዋል። እዚያም ዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨሩን ቀይሮበት መሆኑ ያስታውቃል፣ መንገዱም ያው ነው። ግን ይህ ክር በጣም ስለረዘመ ሞዴሉንና ዲቫይስ ማኔጀር የሚለውን ጽፎ አዲስ እንዲከፍት ነግሬዋለሁ። ጋሼ እዚያ ቀድመው ገብተው እየጠበቁት ነው።